ሰባት ቤት

ዋሸራ የተመረቁ፣ ሠላሳ ዘመን ያስነገሩ፣
የኔታ ላእከማርያም እንጅባራ ሆስፒታል መጡ፣ በምራታቸው ተመሩ።
ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤
አንዱን ይሉታል፤ ሁለተኛው ከአፋቸው ደጅ ላይ ቀሪ ነው።
«ይትባረክን ከቀበርን ወዲህ» አለች፣ ነጠላዋን እያጠፈች፤
«እንቅልፍም፣ እህልም፣ ቃልም…» ብላ ሳትጨርስ ተወች።

እኔ፣ ያንድ ክረምት ደቀ መዝሙር፣ ከቅኔው ሸሽቼ ነጭ ጋውን የለበስሁ፣
ጉልበታቸውን ስሜ ወረቀት ላይ አንጎል ሣልሁ።
«ከጆሮዎ ወደ ውስጥ፣ እዚህ ጋ፣ ጥምዝ ያለች ሥጋ አለች፤
የባሕር ፈረስ ይሏታል፤ ነገር የምትይዝ እሷ ነች።»
«ፈረስ ከሆነችማ» አሉ፣ ሳይስቁ፣ «የአገው ትሆናለች።»

«ልክ ነዎት፣ ሰባት ቤት ናት። ሴሮቶኒን የሚባል ላእክ
ሰባት ወገን ደጅ ያንኳኳል፣ አንዲት ቃል ይዞ ሲላክ።
አንዱ ደጅ ጠባቂ ነርቩን ‹ዝም በል› ይለዋል በቤቱ፤
አንዱ ‹ድገም፣ አጽና› ይላል፤ አንዱ ጋ ወዲያው ብርግድ ነው፣ ገና ከመድረሱ ከፊቱ፤
ቃሉ ያው ነው፤ የሚለየው ፍቺው ነው፣ እንደየቤቱ።»

አንገታቸውን አዘነበሉ። ይህንንስ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

«በነርቭና በነርቭ መሀል ስንጥቅ አለች፣ ከፀጉር የቀጠነች፤
ቃል ደጋግሞ ሲሻገርባት ማዶው ደጅ ይጨምራል፣ መንገዷም ትጸናለች።
ካልተረገጠች ደግሞ፣
የዘንገና ዳር ዱካ ናት፤ ሣር ይውጣታል ከርሞ።
ሐዘን የቱን እንደሚያደክም ገና ለይተን አልጨረስንም፣ አልዋሽዎትም።»

«ታዲያ ይህ አብሾ ነው?» ኪኒኗን በመዳፋቸው አገላበጡ።
«አይደለም። ላእኩን ስንጥቋ ላይ ታቆየዋለች፣ ቶሎ እንዳይመለስ፤
መርገጡ ግን የእርስዎ ነው።»

ሐምሌ ላይ፣ በዶፉ፣ ብቻቸውን መጡ።
«የጥንቱ ቅኔ አልመጣም፤ የይትባረክ ሳቅ ግን መጣ፤
አፈሩ ሲጫነው የዋለው ቀንም መጣ።
ደጅ ተከፍቶ ማን ይመርጣል፣ ማን እንዲገባ፣ ማን እንዲወጣ?»

ከዚያ አዲስ ቅኔ ጀመሩ፦ ያለ ባሕር ስለዋኘች ፈረስ።
አንዱን ቤት አሉና ዝም።
ረሱት ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።
«አልረሳሁም» አሉ። «ሁለተኛው ያንተ ነው፤
ከሸሸህበት ክረምት የቀረ ዕዳ።»

ጆሮዬን ዳበስሁ።
ቆርቆሮውን ዝናብ መታው፤
እኔ ቤት አልመታሁም።