ከነአፈሩ

ዶሮ ማነቂያ ላይ፣ ከሉካንዳው ጓሮ፣
በጣውላ ሣጥን ውስጥ ካሮት ተቀብሮ፣
ከሣጥኑ አናት እርጥብ ጆንያ አለ፤
ድመቱም በላዩ ተኝቶ እየዋለ።
አሸዋው የተለመነ ነው ከሚሠራው ፎቅ፣
በጣሳ ይረጫል፤ እንዳይርስ፣ እንዳይደርቅ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ አትክልት ተራ ላይ፣
እግራቸው ከጭቃ፣ ላስቲክ ከራስ በላይ፣
ሥር የመዘኑ ናቸው እማማ ደብሪቱ፤
ተራው ቢነሣ እንኳ፣ አልለቀቃቸውም የእጅ ብልሃቱ።

እኔ የተማርኩት፣ ከጎናቸው ያለሁ፣
ካሮቱን አጥቤ በፌስታል አስራለሁ።
መብራቱ ሲጠፋ ፌስታሉ ያልበዋል፤
በአራተኛው ቀን ጣቴ ሰርጎ ይገባዋል።

አይተው ሳቁብኝ።
«ምነው፣ ሙሽራ ነው? ለምን ታጥቢዋለሽ?
አፈሩ ልብሱ ነው፣ ለምን ትገፊያለሽ?
አራግፈሽ ተዪው፤ ውሃው ይቆይለት፣
የሚበላበት ቀን፣ ድስት እስኪጣድለት።
ቅጠሉን ቁረጪ፤ ቅጠል አደገኛ፣
ሥሩን እየጠባ ሌሊት የማይተኛ።
ለቀይ ሥር ግን ተዪ ጣት የሚያህል ጉቶ፣
እንዳያልቅብሽ ደሙ ወጥቶ ወጥቶ።
ድንችን ከብርሃን ጋር አታስተዋውቂ፤
አረንጓዴ ለብሶ ይመርሻል፤ ደብቂ።
ከሽንኩርትም ለዪ፣ ጉርብትናቸው ክፉ፤
አንዱ ባንዱ ትንፋሽ ማጎንቆል ነው ትርፉ።
የቆሰለ ካየሽ፣ ዶማ የነደለው፣
እሱን ዛሬ ቀቅይ፣ ደህናውን ሳይገድለው።»

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።
ዝም አሉ። ወደ በሩ ዞረ ዓይናቸው።
የልጅ ልጃቸው አቤኔዘር፣ አምና በዚህ ሰዓት፣
ጀንበር ስትጠልቅ ግድግዳ ሲዳብስ ነው ያዩት።
«ዳፍንት» ብላ ጻፈች የጤና ጣቢያዋ ነርስ።
ካሮት ይብላ አለች፤ ጎመን ይብላ፤ እንቁላል ቢገኝ።
እንቁላሉስ ቀረ። ካሮት ግን ሲረክስ በኩንታል ገዝተው፣
ሲወደድ ከአሸዋው ያወጣሉ፣ በቀን አንድ፣ በቀን አንድ፣
ልክ እንደ መድኃኒት።
«የጠወለገ ሥር» ይላሉ፣ «ሆድ ይሞላል፤ ዓይን አይሞላም።»

ትናንት ማታ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ተዋጠ።
እኔ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ሳተራምስ፣
ልጁ ግድግዳ ሳይነካ ግቢውን አቋረጠ፤
ድመቱን ገፋ አደረገ፣
እጁን እስከ ክርኑ አሸዋው ውስጥ ሰደደ፣
አንዱን መዝዞ በሱሪው ጠረገ።
ቀጭ!
ድምፁ እስከ ሉካንዳው ተሰማ።

እማማ ደብሪቱ ከውስጥ ጮኹ፣ በጨለማ፦
«አሁን ነው የሚታጠበው፣ አንተ ልጅ! አሁን!»