ከአምስት ዓመት በኋላ

በዓመቱ ግምገማ፣ አለቃዬ ናቢል ቅጹን ዘርግቶ፣
እስክሪብቶውን ከፍቶ፣
«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» አለኝ።
በእንግሊዝኛ ጠየቀ፤ በአማርኛ ደረሰኝ።
«ኋላ» የምትል ቃል ከጆሮዬ ቀረች፤
እኛ ቤት ጀርባም ነች፣ ነገም ነች፤
ወዴት እንደምትጠራኝ ለይታ አልነገረች።

እኔ ስሠራ የኖርኩት ኋላ ነው።
ማናማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ መስኮታችን ባሕር አያይም፤
የሚያየው መኪና ማቆሚያ ነው፤ አንዲት ቴምር እንኳ አልበቀለበትም።
ከፊት ያሉት በሽቶ፣ በከረቫት፣
ለደንበኛ ይስቃሉ እስከ ስምንት ሰዓት።
እኛ ከኋላ ሹራብ ደርበን፣
ውጭው በአርባ አራት ዲግሪ ሲነድ፣ በማቀዝቀዣ ክረምት ተኮራምተን፣
የትናንትን ገንዘብ ከዛሬው ጋር እናስታርቃለን።

ሥራው ዕርቅ ነው።
አንዱ መዝገብ «ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ሌላው «አልደረሰኝም» ብሎ ያኮርፋል፤
መሐል እገባለሁ፤
ቀን እቆጥራለሁ፤ ፊልስ በፊልስ እፈትሻለሁ፤
ማታ ልዩነቱ ባዶ ሲሆን፣ «ጎበዝ» እባላለሁ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ሳመርት ኖሬአለሁ።

እናቴ ደብረ ብርሃን «ልጄ ባንክ ነው» ብላ ለሰፈር ነግራለች፤
በሐሳቧ ገንዘብ ሳስር፣ ገንዘብ ስፈታ ታየኛለች።
እኔ ግን የዲናር ወረቀት የማየው እንደማንም ሰው፣
ደመወዝ ሲገባ ብቻ ነው፤ ያውም ሳያድር ነው።

ከጎኔ ያለው ቫርጊስ፣ የኬረላው ሰው፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሒሳብ ሲሸመግል፣ ሽምግልና ወረሰው።
እኔ ስመጣ ምክትል ተቆጣጣሪ ነበር፤ ዛሬም ምክትል ነው፤
የተለወጠው መነጽሩ፣ የወንበሩ ጎማ፣
ሁለቴ የባንኩ ስም፣ ሦስቴ የበሩ ካርድ ነው።
«ዕድገትስ?» ብለው አንድ ቀን፣ የሩዝ ሳህኑን እየከፈተ፣
«ዕድገትማ አለ» አለኝ፤ «ትልቋ ሐኪም ሆነች፤ ትንሹም አምና ተመረቀ።»
ሌላ አልጠየቅኩትም። ዓሣውን አካፈለኝ።

ከረመዳን ወዲህ ደግሞ አዲስ ማሽን ገብቷል፤
እኛ በሳምንት የምናስታርቀውን ቁርስ ሳይደርስ ይጨርሳል።
አሥራ አራት ነበርን፤ ስድስት ወንበር ቀረ፤
ሐያም፣ የአገሬው ልጅ፣ ወደ ፊት ተዛወረች፤
ሌላው ካርዱን አስረክቦ ወደ አገሩ በረረ።

«ተንጠልጣይ» የሚባል ሒሳብ አለን፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ ገንዘብ የምናሳድርበት፤
ከሠላሳ ቀን በላይ ደንቡ አይፈቅድለት።
(እኔ፣ በየሁለት ዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ፣ ዘጠኝ ዓመት አደርኩበት።)
ማክሰኞ ዕለት ከዚያ ውስጥ አንድ የተመለሰ ሐዋላ አየሁ፤
ኃምሳ አምስት ዲናር፣ ለዘይነብ ይመር፣ ኮምቦልቻ።
ላኪዋ የሰው ቤት ሠራተኛ፣
የእናቷን ስም በላቲን ፊደል በመሰላት ጽፋው፣
ከመታወቂያው በሁለት ሆሄ ቢዛነፍ፣ ማሽኑ «ሌላ ሰው» ብሎ ጣለው።
ይምር ማለት የማያውቅ፣ ይመርን እንዴት ይወቀው?

ደወልኩ። አስተካከልኩ።
ሁለት ሆሄ ነው፤ አራት ደቂቃ ነው፤
በግምገማው ቅጽ ላይ ለዚህ የተሰመረ ሳጥን የለም።

«እህስ?» አለኝ ናቢል፤ «ከአምስት ዓመት በኋላ?»
«ቡድን መሪ» አልኩት፣ ሁሉም እንደሚለው።
ጻፈው።
የስድስት ወንበር መሪ፣ ምናልባትም የሦስት፣
ምናልባትም የአንድ፤ እሷም የኔው ናት።
አስፈረመኝ፤ ቀኑን ሞላ፤ ሰዓቱን አየና፣
«በኋላ እንነጋገራለን» አለኝ፤ በሩን ከፈተልኝና።

ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ቫርጊስ ቀና ብሎም አላየኝ፤
ያውቀዋል ጥያቄውን፣ ሃያ ሦስት ጊዜ መልሶታል።
ሹራቤን ደረብኩ፤ መዝገቡን ከፈትኩ፤
የዘይነብ ገንዘብ ከተንጠልጣዩ ወርዶ ሄዷል።

እኔ ገና ነኝ።