አላውቅም ያለው መጽሐፍ

ግራዝ፣ ከሙር ወንዝ ዳር፣ በጠባቧ ሱቄ
አሮጌ መጻሕፍት ስሸጥ ተደብቄ፣
ኮርቢኒያን ገባ፣ ባርኔጣው እንደራሰ፣
አርባ ዓመት ትራም ነድቶ ጡረታው የደረሰ፣
ጆሮው ቀስ በቀስ ከድምፅ የተመለሰ።

«ያን ታላቅ ሰው» አለኝ፣ «ሳልደነቁር በፊት
በየኮንሰርቱ ደጅ የተሰለፍኩለት፣
ዜማው እየራቀኝ ነው፣ ታሪኩን አምጪልኝ፤
ግን አደራሽን፣ ሐውልት እንዳትሸጭልኝ።»

ሦስት አወረድሁለት ከመደርደሪያው ጫፍ፣
ሦስት የአንድ ሰው ሕይወት፣ ሦስት ዓይነት መጽሐፍ።

የመጀመሪያው ወፍራም፣ ጠርዙ በወርቅ የሚያበራ፤
«ሊቁ በተወለደ ሌሊት ኮከብ ወጣ፣ ሰማይ ጠራ» …
ኮርቢኒያን ሳቀ። «አዋላጇስ የታለች?
ኮከብ እያየች ነው እትብቱን የቆረጠች?»

ሁለተኛው ቀጭን፣ ቀይ ልብስ፣ ነገረኛ፣
የአልጋ ምሥጢር ቆጣሪ፣ የቁልፍ ቀዳዳ እረኛ፤
ማንን እንደሳመ፣ ለማን እንዳልከፈለ፣
በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ሐሜት እያቀጣጠለ፣
ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ አንድም ኖታ የለ።
«ይኼስ» አለ ኮርቢኒያን «ጎረቤቴን ይመስላል፤
ስለ እኔ ሁሉን ያውቃል፣ ትራም መንዳቴን ይረሳል።»

ሦስተኛው ጀርባው የተላጠ፣ የሻይ ኩባያ ያተመበት፣
ከአንዲት የፒያኖ አስተማሪ ውርስ የተረፈ ንብረት።
ቆሞ ያነብ ጀመር፣ ጣቱን ከመስመር አስከትሎ፣
እኔም የቀኑን ሒሳብ ትቼ፣ ዓይኔ ጣቱ ላይ ውሎ።

የሻማ ዕዳ አለ እዚያ፣ የወረቀት ዋጋ መናር፣
ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ የተፋቀ መስመር፣
የሰነፍ ተማሪ ክፍያ፣ የማክሰኞ ገበያ፣
ከዚያ ሁሉ መሐል ዜማው፣ ሲያነክስ መጀመሪያ።

ልጁ የሞተችበት ክረምት ላይ ሲደርስ ግን፣ እንዲህ ይላል፦
«ከጥቅምት እስከ የካቲት ወረቀት የለም፤ ጠፍቷል።
ምን እንዳሰበ ያን ጊዜ ማን በእርግጥ ይናገራል?
እኔ አላውቅም።»
                    ከዚያ ነጭ ገጽ ይከተላል።

በነጩ ዳርቻ ላይ፣ በደበዘዘ እርሳስ፣
የአስተማሪዋ እጅ ጽሑፍ፣ ከሹክሹክታ የሚያንስ፦
«ያን ክረምት የጻፈውን ዘገምተኛ ዜማ ስሙት፤
የጎደለው ገጽ እዚያ ነው፣ ከሌላ አትፈልጉት።»

ኮርቢኒያን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት ጣት፣ ከባንኮኒዬ
ምቱን ይቆጥር ጀመር።
የሳንቲም ሳህኑ ሲርድ ሰማሁ እኔ በጆሮዬ፤
እሱ የሚሰማው ምን እንደነበር አላውቅም።

አራት ዩሮ ከሃምሳ ከፈለኝ፤ በዋጋ አልተከራከረም፤
መጽሐፉን ደረቱ ውስጥ ሸሽጎ ወጣ፤ ዝናቡ አላባራም።
ባርኔጣው ከወርቅ ጠርዙ መጽሐፍ ላይ ቀርቷል፣ ገና አልደረቀም፤
ከደጅ ወጥቼ ጠራሁት፤
አልሰማኝም።