አራተኛው ድልድይ

ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ መጣሁ፤
እንጅባራ ስወርድ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃው ውስጥ ገባሁ።
ጫማዬ አዲስ ነው፣ ቦርሳዬ የእህቴ፣
በፌስታል ቆሎ አለ፣ የቋጠረው አባቴ።
በደረቴ ደግሞ፣ ለማንም ያልነገርሁት፣
የስምንተኛ ክፍል ውጤቴን ደብቄ ነው የገባሁት።

ካምፑ ከዘንገና ብዙም አይርቅም፤
ሦስት ድንኳን፣ አንድ ወጥ ቤት፣ ደረቅ ቦታ የለም።
ሠላሳ አንድ ሴቶች ነን፤ ከቲሊሊ፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ፤
«እስከ እሑድ አይቆዩም» አለ ዘበኛው፣ ከበሩ ኋላ።

አሰልጣኟ ይርገዱ ቃል አታባክንም።
ወንዙን አሳየችን። ወንዝ እንኳ አይባልም፤
በበጋ ጥጃ የሚዘለው፣ ስም የሌለው ፈፋ፣
ሐምሌ አስክሮት ግን አፉን ከፍቶ ሲያጓራ፣ ደረቱን ሲነፋ።
«ቀርከሃው ያውላችሁ፣ ቃጫው በጆንያ፤
ከዚህ ማዶ እስከዚያ ማዶ ሥሩልኝ መሻገሪያ»
አለችና ሄደች።
እኛም ተያየንና ሳቅን።
የምንችል መስሎን።

የመጀመሪያው ድልድይ አንድ ሌሊት አደረ፤
ጠዋት ስንመጣ ውሃው እያሳሳቀ ወስዶት ነበረ።

በሁለተኛው ላይ እኔ ነበርሁ ቋጣሪ።
ትርንጎ ረገጠች፣ ትርንጎ ደፋሪ፤
ቋጠሮው ተፈታ፣ እስከ አንገቷ ገባች።
በገመድ ጎተትናት። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣
«ማነው ያሰረው?» አለች።
ማንም አልተናገረ።
እኔም አልተናገርሁ።

ያን ሌሊት ድንኳኑ በጎን ያንጠባጥባል፤
የትርንጎ እርጥብ ጸጉር አጠገቤ ይሸታል።
ተነሣሁ፣ ቦርሳዬን በዳበሳ ላስር፣
ጎሕ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና ልሰወር።
ወድቄ አውቃለሁ፤ የወደቀ ሰው መንገዱን ያውቃል፦
ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ማንንም አያይም፣ በጓሮ ያልፋል።

«ቆሎ ካለሽ ስጪኝ» አለች በጨለማ።
ሰጠኋት። ከዝናቡ በላይ ጥርሷ እየተሰማ
ቆረጠመች፣ ቆረጠመች።
«እኔ ነኝ» አልኋት፤ «ያሰርሁት እኔ ነኝ።»
«አውቃለሁ፤ እጅሽን አይቼዋለሁ። ነገ እሰሪና ደግሞ አሻግሪኝ።»
አልተቆጣችም። አላጽናናችኝም።
ቆሎዬን ጨርሳ ተኛች።

ሦስተኛውን ምኑን ልተርከው? በረዶ ወረደ፤
ከላይ የመጣ ግንድ ወገቡን ሰብሮት ሄደ።
እንጉዳይ አለቀሰች፣ የውብዳር ተሳደበች፤
ይርገዱ ጃንጥላዋን ይዛ፣ «ምን አያችሁ?» ብቻ አለች።

ምን አየን?
ውሃው መካከሉ የቆመን ሁሉ ይጠላል፤
ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ግን ከእኛ በፊት እዚያ ኖሯል።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ ተያዘ፤
ምሳችን ዘገየ፣ ድንጋይ ግን ተጓዘ።
አንድ ቃጫ ቀጭን ነው፤ ሦስቱን አንድ ላይ ገመድነው፣
ፈትተን ሞከርነው፣ አስረን ሞከርነው፣
አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፤
በዚያ ሁሉ ክረምት ውሃን የቋጠርሁት ያኔ ብቻ ነበረ።

አራተኛው ቆመ።
ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ጠላ ቤት ያመሸ ሰው ይመስል
ወደ ግራው ያደላል።
ሰሌን ዘርግተን ልናስመርቅ ስንል፣ ከማዶ አንዲት ባልቴት
በግ እየጎተቱ መጡ፤ ለካ ገበያ ነው የዚያን ዕለት።
በጉ እንቢ አለ። ታቀፉት። ረገጡት ያን ቀርከሃ፤
ትንፋሽ ያለው ነገር አልነበረም፣ ከበጉና ከውሃ።
መሃል ላይ ቆም ብለው፣ «ምነው ጠመመሳ!» አሉ፤
ተሻገሩ፣ በጉን አወረዱ፣ ወደ ገበያው ዘለቁ።
ምስጋና የለ፣ ምርቃት የለ።
ዘወር እስኪሉ ጠብቀን ጮኽን፤
ትርንጎ አንገቴን ይዛ፣ ጭቃ ላይ ወደቅን።

መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል ተመልሼ ገባሁ፤
ከታናናሾቼ ጋር፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።
አንዳንዱ ይስቃል።
መዳፌ ላይ ያለው ቆዳ እስካሁን ይሻክራል።

ትላንት ትርንጎ ደወለች። «ወሰደው» አለችኝ።
«ማን?»
«ጎርፉ ነዋ! የመጨረሻው ዝናብ።» ሳቋ አሳቀኝ።
«ባልቴቷ ማዶ ቆመው እኛን ይረግማሉ አሉ።
አምስተኛውን ማን ያስረዋል?»

«ቃጫ አለ?» አልኋት።