በኤ የተጻፈ ሱቅ

ቱሉ ዲምቱ መታጠፊያ፣ አስፋልቱ ሳይደርስ ገና፣
ክረምት ጫማ ሲውጥ ጭቃው፣ በጋ አቧራው ሲሆን ደመና፣
የድርብነሽን ደብተር ሱቅ፣ የቆርቆሮውን ግንባር
በፈረንጅ ፊደል ጻፍኩበት፣ ጥላ ጨምሬ ለክብር።

«እስቴሽነሪ» ነው ያልኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ቲቸር ኦብሳ ከታክሲ ወርዶ አነበበና ሳቁን አልዋጠም።
«ሽብሩ» አለኝ፣ «እዚች ጋ ኢ ነበር፣ አንተ ኤ አረግሃት፤
በኢ ሲሆን ወረቀት ነው፣ የጽሕፈት ዕቃ ማለት፤
በኤ ከሆነ ግን የቆመ፣ ካለበት ንቅንቅ የማይል፤
ሱቋ እንደ ስልክ እንጨት ተገትሮ ይቀራል ብለሃል።»

አፈርኩ። የመጀመሪያዬም አይደለም።
ዓምና ለኬክ ቤቱ ጣፋጭ ስጽፍ፣ አንዲት ኤስ ጎድላብኝ፣
ባለቤቱ በረሃ ሻጭ ሆኖ ከረመብኝ፤
ግማሽ ክፍያዬን እስከ ዛሬ አልሰጠኝ።

ኦብሳ ማስተማር ከጀመረ ደወልም አያስቆመው።
«ድሮ» አለ፣ «በእንግሊዝ ሀገር ነጋዴው ሁሉ ዟሪ ነው፤
መርፌና ክሩ ጀርባው ላይ፣ ገበያው መንገዱ ነው።
ጥቂቱ ግን ከትልቅ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቦታ አገኘ፣
መጽሐፍ ዘርግቶ ቆመ፣ እዚያው ከረመ፣ እዚያው ተገኘ።
ስሙን ከመቆሙ ወሰደ፤ ወረቀቱ ደግሞ ከስሙ።
ሁለቱ ቃል፣ ሽብሩ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤
በዓይን ነው እንጂ በጆሮ ማንም አይለያቸው።»

«የእኛስ?» አልኩት ልበቀለው፣ «‹በሬው ይበላል› ብዬ ብጽፍ፣
ሣሩን ነው ወይስ በቢላዋ? ብሩሽ አያጠብቅም፤ ምን ልጻፍ?»
«እሱ የጥርስ ሥራ ነው» አለና ወደ ክፍሉ ሮጠ።

«ነገ አርመዋለሁ» አልኳት።
ነገዬ ሁለት ዓመት ሞላው።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ የእኔ ያልሆነ ቀለም፤
ቀይ፣ የቸኮለ እጅ፣ በሯ ላይ የተንጋደደ ኤክስ።
እሱ ስሕተት የለበትም። አንብቦ የሳቀም የለም።

ሱቁ በግማሽ ቀን ወረደ። መንገዱ ሊሰፋ ነው።
ድርብነሽ ደብተሩን፣ እስክሪብቶውን፣ ማስመሪያውን
በአንድ የእጅ ጋሪ ጫነች፤ ቆርቆሮውን በሽቦ ከፊት አሰረችው።
ጋሪው ከብሎክ ብሎክ ሲዞር የእኔ ጽሑፍ ይቀድማል፣
«ንቅንቅ የማይል» እያለ፣
ጎማው እየተንሻፈፈ።

ቀለሜን ይዤ ሄድኩኝ፤ ኢዋን ላስገባ፣ ዕዳዬን ልወጣ።
ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀች። ብሩሼን አየችው።
«ተዋት» አለችኝ።
«ደብተሩንማ ማንም ያየዋል፣ ይኸው ተቆልሏል።
መቆሜን ግን ካንተ ሌላ ማን ጽፎልኛል?»

አንድ ልጅ ብሩን ጨብጦ መጣ።
«ባለ ሃምሳ ሉክ አለ?»
«አለ» አለች።
መልሱን ቆጠረችለት፣ ድንጋዩን በእግሯ ገፋችው፣
ቁልቁለቱ ሊጀምር ነው፣ እኔም ከኋላ ያዝኩላት።