የያርድ ሒሳብ

አባቴ አመዴ ሽፋው፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣
አርባ ዓመት አቡጀዲ የቀደደ፣ በገዛ ክንዱ መለኪያ፤
ከአፍንጫው እስከ ጣቱ ጫፍ፣ ያርድ ማለት ያቺ ናት፤
የብረቱን ሜትር አያምንም፦
«ብረት ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል፣ ክንድ ግን ሐቅ አለበት።»

ታላቄ ኑርዬ ከአጎቴ ጋር ባሕር ሲሻገር ስምንት ዓመቱ ነበር።
ጢም አውጥቶ አንድ ማታ ደወለ፤
«አባ፣ ኳስ አቅፌ እሮጣለሁ፣ የሚቆጠርልኝ በያርድ ነው» አለ።
ሽማግሌው ሳቀ፣ ስልኩን በደረቱ ከደነ፤
«ዘር ከልጓም ይስባል! ልጄ እዚያም ሄዶ ለኪ ሆነ።»

የመጀመሪያው ጨዋታ በሲዲ መጣ።
ቴሌቪዥኑን ጣቃ ላይ አስቀምጠን ግማሽ ሰፈር ገባ።
«ኳሱ ለምን እንቁላል ሆነ?» «ለምን አይለጋውም?»
ልብስ ሰፊው ተገኘ ብቻ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ
«ሕፃን ይዞ ነው የሚሮጠው» አለ፣ «ከሚነድ ቤት ወጥቶ።»

ግን ወደ ሰው ነበር የሚሮጠው። መሸሻ ሜዳ ሞልቶ ሳለ
በሬ በሚያካክል ወንድ መሀል ራሱን ቀብሮ ገባ፣ ወደቀ፣ ተንከባለለ።
አባቴ ክንዱን ዘርግቶ አየሩን ለካ፦ «አራት።
አራት ያርድ!
ለአንዲት ሴት ቀሚስ ነው ይኼ ሁሉ ሰው የተከመረበት?»

ከዚያ ወዲያ ከዱቤ ደብተሩ አንድ ገጽ ለኑርዬ ተለቀቀ።
ጨዋታው እሑድ፣ ገበያው ሰኞ፤ በማለዳ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ
ቁጥሩን አመጣለታለሁ፣ በብርድ ደንዝዞ እጄ።
ዘጠና ሁለት። ስልሳ።
መቶ ሠላሳ አንድ፦ ያን ቀን ለገዢው ሁሉ ሻይ አዘዘ።
አሥራ አራት፦ ያን ቀን መቀሱ እጁ ላይ ፈዘዘ።

በሦስተኛው ዓመት ሸጡት። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።
«ሰው ይሸጣል?» አለ አባቴ።
«ተለዋወጡት ማለት ነው» ብዬ ዋሸሁ።
አዲሱ ቡድን ሌላ ማሊያ፣ ሌላ ቁጥር ሰጠው፤
ጉልበቱን ሁለቴ ቀደው ሰፉት።
«ስፌት የበዛበት ጨርቅ...» ሲል ተገኘ፣ አባቴ ገላመጠው።

ከዚያ ያቺ ስልክ።
«ጦሳ ዛሬም ጉም ለብሷል?»
«ለብሷል፣ ልጄ፤ እስከ ወገቡ።»
ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባቄላ ዋጋ፣ ስለ እናታችን መቃብር አጥር ተወራ።
«አባ፣» አለ፣ «ጦሳ ዛሬም ጉም ለብሷል?»
አባቴ ወደ እኔ አላየም።
በዚያው ድምፅ፣ እንደ አዲስ፦
«ለብሷል፣ ልጄ፤ እስከ ወገቡ።»

በሃያ ስምንት ዓመቱ «ጡረታ ወጣሁ» አለን።
ሰባ ሦስት የሞላው አባቴ ቃሉን አላምጦ አላምጦ ዋጠው።
ደብተሩን አውጥቶ ደመረ።
ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት።
«ስድስት ዓመት ሮጦ፣» አለ፣ «ከዚህ ሐረጎ አፋፍ እንኳ አያደርሰውም?»
«አያደርሰውም» አልኩት።

ጥቅምት ላይ መጣ። ደረጃ የሚወርደው በጎኑ ነው፣ አንድ እጁ ግድግዳ ላይ።
ሰኞ ዕለት፣ በገበያ ቀን፣ አባቴ ሱቁን ዘጋ፤
ልጁን ይዞ በኮምቦልቻው መንገድ ወጣ።
እኔ ቆጠርኩ፣ አንድ እርምጃ በአንድ ያርድ፣
እያረፍን፣ አይሱዙ እያሳለፍን፣
ኑርዬ የሰፈሩን ስም አንዳንዴ እየሳተ፣ እኛም እንዳልሰማን እያለፍን።
አንድ ጎሚስታ በር ላይ፣ አሮጌ ጎማ የተቆለለበት፣
«እዚህ ነው» አልኩ። «አለቀ።»

ኑርዬ ዞሮ የመጣበትን አስፋልት አየ።
«ይኼው ነው?» አለ። ቆይቶም፦
«ማንም ሳይጥለኝ።»

አባቴ መልስ አልሰጠም። አገጩን ወደ ግራ ትከሻው አዞረ፤
ቀኝ ክንዱን ከጎማው ክምር ወዲያ፣ ወደ ሐረጎ ወጠረ፣
ልክ ጣቃ እንደያዘ፤
«ይኼ ደግሞ» አለ፣ «ምርቃቱ።»