ዝያራ

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል፤
አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ የጦሳ ጉም ሲወርድ የሚያስል።
እዚያ ነው የምውለው፤
የሰው ስም በባዕድ ፊደል የምተክለው።

ሰው «ቪዛ ወጣልኝ» ይላል፣ «ዝናብ መጣ» እንደሚለው፤
የትኛው? ካፊያው ነው? የበልጉ ነው? ወይስ በረዶው፣ ሰብል የሚጥለው?

ሐረጎን ወጥቶ፣ ከኮምቦልቻ፣ ብረት ነጋዴው ጓንጉል ቢመጣ፣
«የንግድ ነው» አልኩት፤ «አይተህ፣ ገዝተህ ተመለስ፤ ተቀጥረህ ደመወዝ እንዳታመጣ።»
ሳቀ፤ «እኔ ሰው እቀጥራለሁ እንጂ» ብሎ ወጣ።

የሆጤው ልጅ የተማሪ ነው፤ ቆንስላው የባንክ ደብተር ጠይቆ፣
አባቱ ከዘመድ የለቃቀመው ብር ሦስት ሌሊት አደረ፤
በአራተኛው ወጣ፣ ባለቤቱን ናፍቆ።

ለዑምራ የተነሱት ጋሽ ይመር ወረቀታቸውን አሳይተውኝ፣
«ስጨርስ ወንድሜ ሱቅ ብውልስ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።
«የጸሎት ነው ጋሼ፤ ጸሎት ደግሞ ትርፍ ሰዓት የለው።»

ትራንዚት ምንድነው ላለኝ፣ በመስኮት ነው የማሳየው፤
እጁን ታጥቦ፣ ምሳ በልቶ፣ ደሴን አለፈ እንጂ መቼ አየው።

ሉባባ ግን ማክሰኞ መጣች፣ ልዘጋ ስል፣ ከኩታበር፤
ስልኳን በሻርፕ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ነበር።
«አትምልኝ፤ የሥራ ነው፣ የሁለት ዓመት፤ ደላላው ነው የላከው።»

አነበብኩ። ዓይነት፦ ዝያራ። ቆይታ፦ ሠላሳ ቀን። መግቢያ፦ አንድ ጊዜ።
ከታች፣ በጉንዳን ፊደል፦ ሥራ መሥራት አይፈቀድም።

«ዝያራ ይላል» አልኳት።
«አዎ!» ፊቷ በራ። «አባባም እንዲያው ነው ያለኝ።
ደረሳ ነበረ፣ ዐረብኛ ያነባል፤ ዝያራ ነው ልጄ፣ ሂጂ ብሎ መረቀኝ።»

ዝያራማ ታውቃለች።
ቀይ ፍየል እየጎተተች፣ ከአባቷ ጋር፣ ዳና ድረስ በእግሯ ሄዳለች።
ያደረችበት ደጅ ወረቀት ጠይቋት አያውቅም፤
እንግዳ ቀን አይቆጠርበትም፤ ባዶ እጁንም አይመለስም።

እንዴት ልበላት? ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለት አገር ነው ያደረበት፤
አንዱ ዱዓ፣ አንዱ ቀን መቁጠሪያ ያለበት።

«ይሄኛው ዘመድ መጠየቂያ ነው» አልኩ። «በሠላሳ አንደኛው ቀን
እንግድነትሽ ያልቃል። ደመወዝ ቢከለክሉሽ፣ የት ብለሽ ትከሻለሽ?»
«ከፊሉስ?»
«የሥራ ቢሆን ስሙ ይጻፍ ነበር። ከፊል በእኛ ግማሽ ማለት ነው፤
እዚህ ላይ ግን ግማሹም የለ።»

ዝም አለች። ማተሚያው ብቻ ሳለ።
«አባባ ተሳሳተ?»
«አልተሳሳተም። በትክክል ነው ያነበበው።»

ያን ጊዜ መዲና ትዝ አለችኝ፤
አምና፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ አሥር ብር የከፈለችኝ።
የእሷም ላይ ያው ቃል ነበር። አይቼዋለሁ። አትሜ ሰጠኋት።
አልጠየቀችኝም፤ አልነገርኳት።
ሌሊት ይህችን «አልጠየቀችኝም» አገላብጣታለሁ፤
እንደ ሐሰተኛ ብር፣ የሚቀበለኝ ሰው አጣለሁ።

ሉባባ ሁለት በሬና የእናቷን አምባር በጣቷ ቆጠረች፣ ዝም ብላ፤
«ሁለት ቅጂ አድርገው» አለች ኋላ።
«አንዱ ለደላላው። አንዱ ላይ አሁን ያልከኝን ሁሉ በአማርኛ ጻፍልኝ።
አባባ አማርኛ አያነብም፤
እኔ ነኝ የማነብለት።»

ጻፍኩላት። አልቀበልም ብላት፣ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወረደች።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት እስከ ዛሬ ይቆጣኛል፤
ደረጃው ሥር፣ በኖራው ላይ፣ በወፍራም ማርከር፣
«ማተም አሥር ብር። የቪዛ ዓይነት ማንበብ በነፃ» ብዬ ስለጻፍኩ።
«ግድግዳዬን አበላሸህ» ይላል።
ይበል።